ጣርማበር ሲታይ

እማዬ ስልክ ስታነሳ ሰላምታውን ሳትጨርስ የአየሩን ነገር ትነግረኛለች። «ዛሬ ጉሙ ከበራችን አልተነሳም።» «ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ።» «ጠዋት ፈካ ብሎ ነበር፤ ይኸው ተመልሶ ተጫነን።» የምትኖረው ደብረ ሲና ነው። ከደጃፏ ቆማ ቀና ስትል ጣርማበር ፊት ለፊቷ ነው፤ ከአዲስ አበባ በዚያ መንገድ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚሻገረው ተራራ። ክረምት ከገባ ጀምሮ ወደ እሷ ልሄድ ስነሳ መጀመሪያ የምጠይቃት «ጣርማበር ይታያል?» ብዬ ነው። ከታያት እነሳለሁ። ካልታያት ሻንጣዬን መልሼ አስቀምጣለሁ።

ይህን ልማድ የያዝኩት ግን ዘግይቼ ነው። ለብዙ ዓመታት እንደማንኛውም ተሳፋሪ ነበርኩ፤ ሒሳቤን ከፍዬ፣ መስኮት ዳር ከተገኘ መስኮት ዳር ተቀምጬ፣ የቀረውን ለሹፌሩና ለእግዚአብሔር እተው ነበር።

መንገዱን ለማያውቀው ልንገር። ደብረ ሲና በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎሜትር ያህል ትርቃለች። ሸኖን አልፎ፣ 130ኛው ኪሎሜትር አካባቢ ደብረ ብርሃንን አልፎ እስከ ጣርማበር ድረስ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው የሚሄደው። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ የሚጠብቁ ልጆች፣ በድንጋይ የተካበ አጥር፣ ባሕር ዛፍ። ሰው ከፍታ ላይ መሆኑን የሚያውቀው በብርዱ ብቻ ነው። ከዚያ ድንገት ምድሩ ያልቃል። ጣርማበር ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሃምሳ ኪሎሜትር አይሞላም፤ በዚያች አጭር መንገድ መኪናው ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ይወርዳል። ደጋው የሚያልቅበትና የስምጥ ሸለቆው የሚጀምርበት ጠርዝ ነው። ደብረ ሲና እዚያው ገደሉ ላይ፣ ከላይ ተራራ ከታች ቆላ ይዛ ተቀምጣለች። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ግማሽ ኪሎሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ሠርቶበታል፤ አሁንም መኪናው የሚያልፈው በዚያ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ በር ነው። በአንዱ አፍ ፀሐይ ሆኖ በሌላው አፍ የራስን እጅ የማያሳይ ጉም ሊሆን ይችላል።

ጉሙ ከየት እንደሚመጣ ልጅ ሆኜ አባቴን ጠይቄው «ቆላው ሲተነፍስ ነው» ብሎኝ ነበር። ኋላ ትምህርት ቤት ስማር አባቴ ብዙም እንዳልተሳሳተ ገባኝ። ሞቃትና እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ እስከ 10 ዲግሪ ሙቀት እየጣለ ይሄድና እርጥበቱን መሸከም የማይችልበት ከፍታ ላይ ሲደርስ ወደ ጉም ይለወጣል። እኛ ጉም የምንለው ሸዋ ሮቢት ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ደመና ነው። ተሳፋሪው በደመና ውስጥ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ክረምቱም ቢሆን የእኛ ብቻ አይደለም። በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የዝናብ ቀበቶውም ይከተላታል፤ ነፋሱ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን፣ ከሕንድ ውቅያኖስም እርጥበት ይዞ ይመጣና ከተራሮቻችን ጋር ይጋጫል። ሕንድን የሚያጠጣው ሞንሱን የሚባለው ሥርዓት አካል ነው። የአባይ ውሃ የሚበዛው በዚህ ወቅት ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ በልግም ስላለው መሬቱ ክረምት ሳይገባ አንዴ ጠጥቷል። እማዬ ይህን ሁሉ ሳትል «ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው» ትላለች፤ ከዚያች ቀን በፊት የዘነበውን ክረምት አትለውም። እስከ መስከረም 25 ድረስም ጃንጥላዋን ከበር ኋላ አታነሳም።

አሁን ወደ ልማዴ መነሻ ልመለስ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፣ በሐምሌ። እማዬ ትንሽ አሟት ስለነበር ቸኩዬ ወጣሁ። አባዱላው መናኸሪያ ሞልቶ እስኪነሳ ረፋድ 5 ሰዓት ሆነ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ 8 ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሰማዩ ከሰል መስሏል። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ዘግይቶ በመነሳቱ ተናዷል፣ ከረዳቱም ጋር በሒሳብ ተጨቃጭቀዋል፤ ያን ሁሉ ንዴት ነዳጅ መስጫው ላይ ያወርደዋል። ከጉዶ በረት በኋላ ጉሙ ወረደብን። ከፊታችን የሚሄደው ሲኖ ትራክ የኋላ መብራት እንደ ፍም ቀላ ብሎ ይታየንና ይጠፋል። ዝናብ መጥረጊያው አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፤ እሱም እየጮኸ። ልጁ ሁለት ጊዜ ሊደርብ ወጣና ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሁለተኛው ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ነጭ ጨርቅ መስሎ ሲመጣብን አየሁት።

ሁላችንም አየነው። ማንም አልተናገረም። ከጎኔ የነበረው ጎልማሳ የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጦ ጣቶቹ ነጥተዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር አማተበች። እኔ ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ፣ «ልጄ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፤ እባክህ አቁምልኝ» አሉ።

«እማማ፣ ደረስን እኮ። ከዋሻው ማዶ አቆምልዎታለሁ።»

«አልችልም። እዚሁ።»

ልጁ አጉረመረመ፣ ግን አቆመ። ከዋሻው በፊት፣ ወደ መንዝ የሚገነጠለው መንገድ አካባቢ ነን። «አንቺ ልጅ፣ ደግፊኝ» አሉኝና ክንዴን ይዘው ወረዱ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በድንጋይ ካብ ዞር አልንና ልተዋቸው ስል ካቡ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ቆሎ ፈቱ፤ በእጄ አደረጉልኝ።

«ሆዴ ደህና ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ልጁ ተቆጥቶ ነው የሚነዳው። በሰው ፊት ብናገረው ይብስበታል። ትንሽ ይቀመጥ።»

ተቀመጥን። ቆሎውን ቆረጠምን። ከመኪናው በኩል ረዳቱ «እማማ፣ ደህና ነዎት?» ይላል፤ እሳቸው «መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ» ይላሉ፤ አይነሱም። ተሳፋሪው አንድ በአንድ ወረደ። ሹፌሩም ወርዶ እዚያው ካለች ደሳሳ ቤት ሻይ ጠጣ። አንድ ተሳቢ ከዋሻው በኩል መጥቶ አጠገባችን ሲደርስ ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ማዶው ምንም አይታይም፤ ቆይ ብትሉ ነው የሚሻለው» ብሎ አለፈ። ልጁ ያን ከሰማ በኋላ ሁለተኛ ሻይ አዘዘ። ሠላሳ፣ አርባ ደቂቃ ቆይተን ጉሙ ሲሳሳ፣ ሁሉም ተሳፍሮ፣ እሱም ፊቱ ተፈትቶ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን። እናትየው ደብረ ሲና ሲወርዱ «እግዜር ይባርክህ፣ ጠባይህ ጥሩ ነው» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ልጁ አፍሮ ሳቀ።

ባንቆም ኖሮ እንሞት ነበር አልልም። ምናልባት በሰላም እንገባ ነበር። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ጉም ውስጥ እየደረበ የሚሄድ ሹፌር አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይገባል፤ ነገም እንዲሁ ይነዳል፤ እኛም በሰላም በመግባታችን «ጎበዝ ሹፌር ነው» እንላለን። ከአንድ መቶ ጊዜ አንዴ የሚመጣውን ነገር ዘጠና ዘጠኙ ይሸፍነዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ያሰብኩት ስለ ጉሙ አይደለም፤ አፋችንን ስለያዘው ነገር ነው። አሥራ አራት ሰው ነበርን። መምህር አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ልጅ የወለደ አለ። ሁላችንም ፈርተናል። ሁላችንም ግን የያዘን ይሉኝታ ነው፤ ፈሪ እንዳንባል፣ ልጁን እንዳናሳፍር፣ «አንቺ ከማን በልጠሽ ነው» እንዳይሉን። ይሉኝታን አልንቅም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት አቻችሎ የሚያኖረን እሱ ነው። ያቺ እናት ራሳቸው የተጠቀሙት በይሉኝታ ነው፤ የልጁን ክብር ሳይነኩ መኪናውን አቆሙት። እኔ እንደሳቸው ብልሃት የለኝም። ስለዚህ ዛሬ ገና ስሳፈር፣ ሹፌሩ ሞተር ሳያስነሳ፣ ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ እኔ አልቸኩልም፤ ጣርማበር ላይ ጉም ካለ ብንቆም ቅር አይለኝም» እለዋለሁ። ከዋሻው አፍ ላይ ተጨንቆ ከመጮህ ይህ ይቀላል። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ሹፌሮች ደስ ይላቸዋል። አንዱ «እንዲህ የሚለኝ ሰው ሁሌ ቢገኝ፤ ሰው እኮ አፍጥን ብሎ ነው የሚጨቀጭቀኝ» ብሎኛል። እውነቱን ነው። እኛው ነን የምናቻኩላቸው።

ሁለተኛው ነገር የመነሻ ሰዓት ነው። በክረምት ዝናቡ በአብዛኛው የሚጠነክረው ከቀትር በኋላ ነው፤ ምድሩ ጠዋት ሞቆ አየሩ ወደ ላይ ሲነሳ ደመናው ተከምሮ ከ8 ሰዓት በኋላ ያወርደዋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው ጣርማበርን ረፋዱ ላይ ያገኘዋል። ረፋዱ ላይ የወጣ ግን ተራራው ላይ የሚደርሰው ከዶፉ ጋር ነው፤ ከዚያ ደግሞ ቁልቁለቱ በምሽት ይጠብቀዋል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን አዝማሚያ አስቀድሞ ይናገራል፤ መስማት ጥሩ ነው፤ የአንድን ተራራ የአንድ ቀን ጠባይ የሚያውቀው ግን ሥሩ የሚኖር ሰው ነው። ሄጄ የማርፍበት ቦታ ሰው ከሌለኝ ደብረ ብርሃን ስደርስ ከወዲያ ማዶ የመጡ ሹፌሮችን እጠይቃለሁ። ማንም አይከለክልም።

ካልሆነ ማደር ነው። ደብረ ብርሃን ማደር ውርደት የሚመስለው ሰው አለ፤ «ሃምሳ፣ ስድሳ ኪሎሜትር ቀርቶኝ እንዴት አድራለሁ» ይላል። ለአንድ ሌሊት አልጋ የሚወጣው ብር ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ በተለይ ልጅ ላዘለች፣ በኪሷ የመኪና ብቻ ይዛ ለወጣች። ለእሷ ማደር ቀላል ምርጫ ነው ብዬ አልመክርም። መናኸሪያ ውስጥ ሌሊቱን ተቀምጠው የሚያነጉ እናቶችን አይቻለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ሰው ተጠልሎ የሚያድርበት ንጹሕና የሚሞቅ አዳራሽ በየተራራው አፍ ቢኖር ስንት ሰው በጉም ውስጥ ከመሄድ ይድን እንደነበር ሳስበው ያንገበግበኛል። ውድ ነገር አይደለም። ጣሪያ፣ አግዳሚ፣ ሻይ።

ስለ መኪናው ብዙ አላውቅም። የምነግራችሁ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ከነዱ ጎረቤታችን የሰማሁትን ነው። እኚህ ሰው ጣርማበርን «ተራራ» አይሉትም፤ «ሰውዬው» ይሉታል። «ሰውዬውን በወጣህበት ማርሽ ውረደው» ይላሉ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ይግላል፤ ከጋለ በኋላ ብትረግጠውም አይዝም። ከደብረ ሲና ወደ አርማንያ ሲወርዱ አንዳንድ የጭነት መኪና ካለፈ በኋላ የሚሸተው የተቃጠለ ሽታ እሱ ነው። ያን ሽታ ስትሸት ከኋላው ራቅ በል፤ ከፊቱ ከሆንክ ደግሞ የምትወጣበት ሰፋ ያለ ቦታ ፈልግ ይላሉ። ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ማብራት ግድግዳ ላይ እንደማብራት ነው፤ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ራስህኑ ያሳውርሃል፤ አጭሩን አብራ፣ መስኮትህን ትንሽ ክፈትና በጆሮህም ንዳ። ከደረቁ ቀናት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ካፊያ ከዶፉ ይብሳል፤ አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ተቦክቶ እንደ ሳሙና ይሆናል። ጎማ የተላጨ ከሆነ ደግሞ ስለ ሌላው አታውራ።

እኔ ከእሳቸው ሰምቼ የያዝኩት አንድ ልማድ አለ፤ ከመሳፈሬ በፊት የመኪናውን ጎማ አያለሁ። ሰው ዞር ዞር ብሎ ያየኛል። አንዴ ጎማው እንደ ብርጭቆ ልሙጥ የሆነ መኪና ሳይ ወረድኩና የሚቀጥለውን ጠበቅሁ። ረዳቱ ተቆጣ፤ ሒሳቤን ግን መለሰልኝ። በጳጉሜን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ለእንቁጣጣሽ ሁሉም አገሩ ይገባል፤ ጣሪያው ላይ በግ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ፍራሽ ይጫናል። ጣሪያ ላይ የተከመረ ጭነት መኪናውን ኩርባ ላይ ወደ ገደሉ ያዘነብለዋል። ክረምት ሊወጣ ሲል «ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንላለን፤ መሬቱ ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው ጠግቦ የሚያድረው።

ስለ መሬቱ ሳነሳ አጎቴ ትዝ ይሉኛል። ከከተማው ዝቅ ብሎ ያርሱ ነበር። አንድ ክረምት መጨረሻ ላይ ልንጠይቃቸው ስንሄድ የጓዳቸው በር አልዘጋ አለ። ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ነው። አጎቴ መቃኑን በመጥረቢያ ሊጠርቡ ተነሱ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «በሩ አይደለም፣ ቤቱ ነው የሄደው» አለች። ወጥተን ስናይ በቤቱ ጀርባ በማሳው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ እንደ እባብ ተጋድሟል፤ ከዚያ በታች ያሉት ባሕር ዛፎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል። ከዚያው አጠገብ የነበረችው ምንጭ፣ ሁልጊዜ ጠርታ የምትፈልቀው፣ ቡና መስላ ነበር። የዚያኑ ዕለት ከብቱን ነድተው፣ ጓዙን ተሸክመው ወደ እኛ መጡ።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዚያው በደብረ ሲና አካባቢ፣ በይዛባ ወይን በኩል መሬቱ ሲንሸራተት የገበሬውን ቤትና ማሳ ይዞ ነው የሄደው። ያ አካባቢ ገደሉ ቁልቁል፣ ድንጋዩ ባዝልትና የእሳተ ገሞራ አመድ እየተደራረበ የተሠራ፣ ላዩ ደግሞ ከተራራው ወርዶ የተከመረ ልል አፈር ነው፤ ሦስት ወር ዝናብ ሲጠጣ ከብዶ፣ ከሥሩ ውሃ አርሶት ይለቃል። ወሩን ልብ በሉት፤ መስከረም። አደይ ሲፈነዳ ነው። ዝናቡ አባርቷል ማለት መሬቱ ጠፍፏል ማለት አይደለም። የማይዘጋ በር፣ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍና አጥር፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም የደረቀ ምንጭ፤ ይህን ያየ ሰው እስከ ጠዋት አይጠብቅ። መንገደኛም ቢሆን ከላይ ጠጠር ሲንኮታኮት ከሰማ፣ አስፋልቱ ላይ አዲስ የወደቀ ድንጋይ ካየ፣ እዚያ ቆሞ ፎቶ አያንሳ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤተሰብ ቀበረ። ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ፣ ያልያዘው በእጁ፣ ሊያወጣቸው ሮጠ። ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ሊረዱ የመጡ ነበሩ። ያን ዜና የሰማሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱም የእኛ ሰፈር ሰውም እንደዚያው ነው የሚያደርገው፤ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። አትሂዱ የሚል አፍ የለኝም። አንድ ሰው ግን ዘወር ብሎ ቆሞ ዓይኑን ከተራራው ሳይነቅል ይጠብቅ፤ ስንጥቁ ሲሰፋ፣ ድንጋይ ሲንከባለል እንዲጮህ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጉድጓዱ ላይ አይከመር። ይህችን ብቻ በየቀበሌው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ክረምት ሳይገባ ቢነገር።

ውሃው ደግሞ አለ። ከደብረ ሲና በታች ያሉት ወንዞች በጋ ላይ ልጅ ድንጋይ እየረገጠ ይሻገራቸዋል። ክረምት ላይ ግን እዚህ ፀሐይ ሆኖ ላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ደራሽ ይመጣል፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ ግንድና ጭቃ። ድሬዳዋን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ ያጠፋት ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ነው፤ ደረቅ አሸዋ የነበረው ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በፍጥነት የሚሄድ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ካለ ጎልማሳ ይጥላል፤ 30 ሳንቲሜትር ከሆነ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። የደፈረሰ ውሃ ሥሩን አያሳይም፤ መንገዱ ተበልቶ ይሁን አይታወቅም። ደራሽ እንደ አመጣጡ ነው የሚያልፈው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት የጠበቀ ብዙ ጊዜ ይሻገራል።

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጣች። እንደ እሷ ያሉ ብዙዎች ፈቃድ የሚያገኙት ልጆቻቸው ትምህርት ሲዘጉ ነው፤ ያ ደግሞ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዓመት ጠብቀው አገራቸውን የሚያዩት በጉምና በጭቃ ነው። መኪና ተከራይታ «ስልኬ የአራት ሰዓት መንገድ ነው ይላል፤ እማማን ጠይቀን ማታ እንመለሳለን» አለችኝ። ስልኩ ኪሎሜትሩን ያውቃል፤ ጉሙን አያውቅም። ሁለት ሌሊት እንዲሆን ለመንኳት። ከመኪናው ኋላ የመንዝ ባና፣ ውሃ፣ ዳቦ፣ የእጅ ባትሪ፣ የእማዬን መድኃኒት አደረግን፤ ስልኮቻችንን ሞላን። መጀመሪያ «ይህ ሁሉ ለምን» ብላ ነበር። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ለእማዬ ደወልኩ።

«ምንም አይታየኝም» አለች። «ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው፤ ነጎድጓድ ነው። እደሩ።»

አደርን። የአክስቴ ልጅ ቅር እንዳላት ያስታውቃል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃ፣ ስድሳ ኪሎሜትር ሲቀራት ቆመች። ማታ ሆቴሉ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ባናውን ለሁለት ተከናንበን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየሰማን ቁጭ አልን። የልጅነታችንን ክረምት አወራን፤ ቡሄ ላይ ከቤት ቤት ሆያ ሆዬ ስንል በጭቃ የተጣበቀ ጫማዋን ትታ በባዶ እግሯ የሮጠችበትን። ከሄደች ጀምሮ እንደዚያ አውርተን አናውቅም።

ገና አልነጋም ነበር ስልኬ ሲጠራ። እማዬ ናት። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደራችሁ የለ።

«ጣርማበር ታየኝ» አለች። «ኑ።»